የከፈይ ካፖርት

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷን አይቶ ይሁን ምላሷን፣ ወይስ ሥራዋን፣ ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም። ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ሲያሻት ትተርባታለች፤ «መርፌ አይደለሽ? አገሩን ሁሉ ታለብሺና አንቺ ራቁትሽን ትቀሪያለሽ!» መርፌም ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል፣ «የኔስ ደህና ነው፤ አንቺ የነካሽው ሰው መላጣውን ነው የሚቀረው» ትላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ።

ከቤቷ ወደ መንገድ የሚያየውን ክፍል ስፌት ቤት አድርጋዋለች። አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉ የወረቀት ቅዶች አሉ። ድሮ የሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታለብሰው ሰው ሳይሆን አሻንጉሊት ነው።

ሥራውን ያመጣችላት ታናሽ እህቷ ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷትም እስከ ዛሬ «ሚጣ» ነው የምትባለው። ሚጣ አንዲት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሐኪሟ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት፣ ስድሳውን ያለፈች ሴት ናት፤ ዕድሜ ልኳን አሻንጉሊት ስትሰበስብ ኖራለች። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ፊታቸው ሸክላ፣ ፀጉራቸው የእውነት የሰው ፀጉር፣ አንዳንዶቹም ከባለቤታቸው በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ገላቸው አያረጅም፤ ልብሳቸው ግን ያልቃል። አንድ ቀን ሐኪሟ የነተበች ትንሽ ቀሚስ ይዛ ስትተክዝ ሚጣ አየቻትና «እህቴ እኮ ትሰፋዋለች፣ ዶክተር» አለቻት። በዚያው ሥራ ሆኖ ቀረ።

ቀላል ሥራ አልነበረም። የአሻንጉሊት ትከሻ አራት ጣት አይሞላም። እጅጌው ተሰፍቶ የሚገለበጠው በእርሳስ ጫፍ ነው። መኪናው ቀጭኑን ጠርዝ ስለሚጎርሰው ግማሹ በእጅ ይዘመዘማል። ለሹራባቸው መሥሪያ የሚሆን ቀጭን ሽቦ ገበያ ላይ ስታጣ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላይ ሽቦ ነቅላ ጫፉን በድንጋይ ሞረደችና በእሱ መሥራት ጀመረች። አንድ ሙሉ ሹራብ መዳፏ ውስጥ ታጥፎ ይገባል። ሰው ላይ ማንም ልብ የማይለው የአንድ ክር ስሕተት አሻንጉሊት ላይ እንደ ጠባሳ አፍጥጦ ይታያል። መርፌ ይህን ወደደችው። አሻንጉሊት አይወፍርም፣ አይከሳም፤ «እዚህ ጋ ያዘኝ» ብሎም አይነጫነጭም።

እናታቸው ስትሞት መርፌ ሃያ፣ ሚጣ ስድስት ዓመታቸው ነበር። አባትየው ከዚያ ቀደም ብሎ እንደ ወጣ ቀርቷል። መርፌ ያኔ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ አንድ ዓመት ጠበቀ፣ በሁለተኛው አጉረመረመ፣ በሦስተኛው ሌላ አገባ። ስለ እሱ አንድም ቀን ክፉ ደግ ተናግራ አታውቅም። ሚጣን አጠበች፣ አበጠረች፣ አስተማረች፣ ሲያማት አብራ ታመመች። ሚጣም «እታለም፣ እታለም» እያለች አደገች። የእናታቸው ልብሶች በችግሩ ዘመን ለሚጣ እየተቀደዱ እየተሰፉ አለቁ። የቀረው አንድ ጥቁር አረንጓዴ የከፈይ ቀሚስ ብቻ ነው፤ እሱም በአንሶላ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

የዚያን ዓመት ዝናብ እንዳባራ መርፌ ቀሚሱን ላናፍሰው ብላ ሳጥኑን ከፈተች። ብል ገብቶበታል። የታችኛው ጠርዝ ወንፊት ሆኗል፤ ጀርባው ላይ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተርታውን ወርዷል። ደህና የቀረው ደረቱና አንድ እጅጌ ብቻ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጨርቁን ታቅፋ ቆየች።

አንድ ሐሳብ መጣላት። የሚጣ ልደት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐኪሟም አንዲት ጣቷ በመሰበሩ ከአሻንጉሊቶቹ ቁምሳጥን የተባረረች አሻንጉሊት ሰጥታታለች። ደህናውን ጨርቅ ቆርጬ ለዚህች አሻንጉሊት ካፖርት ብሠራላትስ? ብል ጨርሶ ከሚበላው፣ ትንሽም ብትሆን ተርፋ ለልጅቷ የእናቷ ማስታወሻ ትሁናት አለች በሆዷ።

ለሚጣ አልነገረቻትም። ድንገት ልታስደስታት ነው። መቀሱን ሦስት ጊዜ አንስታ ሦስት ጊዜ አስቀመጠችው። በአራተኛው ቆረጠች።

ሚጣ ሥራ እየዋለች፣ እሷ አሥራ አንድ ቀን በሯን ገርበብ አድርጋ ሰፋች። ከፈይ ተንኮለኛ ጨርቅ ነው፤ ፀጉሩ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚተኛ አንዷን ቁራጭ አዙረው ከቆረጧት ከሌላ ጨርቅ የመጣች ትመስላለች። በፊቱ ከተኮሱት ደግሞ ይጨፈለቅና አይነሳም። ገበሩን ነጭ ሐር፣ ቁልፎቹን ስድስት ጥቁር ጨሌ አደረገቻቸው። ከሥር የሚለበስ ነጭ ሹራብና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያም ሠራች። የቀሚሱን ትራፊ ግን፣ ብሉ ወደ ሌላ ጨርቅ እንዳይዛመት ብላ፣ ጓሮ አውጥታ አቃጠለችው።

በልደቷ ቀን ሚጣ የካርቶኑን ክዳን ስትከፍት ፈገግ አለች። ቀጥላ ካፖርቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄ የእማዬ ከፈይ ነው?»

«አወቅሽው!» አለች መርፌ ፊቷ በርቶ።

«ሌላውስ?»

«ብል ፈጅቶት ነበር እኮ፣ የኔ እናት። ያልተነካው ይኸው ነው። የቀረውን አቃጠልኩት።»

ሚጣ ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው። የእህቷን ጉንጭ ሳመችና «በጣም ያምራል፣ እታለም» ብላ ካርቶኑን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። መርፌ ደስታ አፍ አሳጥቷት ነው ብላ የራሷን ዕንባ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ሐኪሟ አዳዲስ አሻንጉሊቶች መጥተውልኛል፣ ልኬት ውሰጂልኝ ብላ አስጠራቻት። አንድ እሑድ ከሰዓት መርፌ ሜትሯንና ደብተሯን ይዛ ሄደች። የሐኪሟ ሳሎን አንዱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የመስተዋት ቁምሳጥን ነው። ሄዳ በቆመች ቁጥር የሠራቻቸውን ልብሶች አንድ በአንድ ማየት ልማዷ ስለሆነ ከታች ጀምራ ወደ ላይ አየች። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ዓይኗ ተተከለ። አንዲት ባለ ቡናማ ፀጉር አሻንጉሊት አረንጓዴ የከፈይ ካፖርት ለብሳለች።

«ዶክተር፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«እንዴ፣ አልነገረችሽም? እህትሽ እኮ ናት ያመጣችልኝ። እኔ ቤት ከሚቀመጥ እርስዎ ጋ ይሻለዋል አለችኝ። መቼም እጅሽ ይባረክ! አንድ ነገር ብቻ፣ የሳጥን ሽታ፣ ያረጀ ሰው ሽታ ነገር ነበረው። ሠራተኛዬ በሙቅ ውሃ በሳሙና አጠበችልኝ።»

ሐኪሟ ቁምሳጥኑን ከፍታ አሻንጉሊቷን አወጣቻት። ከፈዩ ፀጉሩ ተጣብቆ እንደ በሽተኛ ድመት ሆኗል። ገበሩ አረንጓዴ ጠጥቷል፤ አንዱ ጨሌም የለም።

«መልሰው ቢሰጡኝ፣ ዶክተር?» አለች በጭንቅ። «የእናታችን ልብስ ነበር።»

ሐኪሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምነው ብትነግረኝ! ውሰጂው የኔ ልጅ፣ ውሰጂው። እውነቱን ለመናገር ከታጠበ ወዲህ ውበቱ ሄዷል፤ ላነሳው አስቤ ነበር» አለችና ካፖርቱን አውልቃ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። መርፌ የአዲሶቹን አሻንጉሊቶች ልኬት ወስዳ በደብተሯ ጽፋ ወጣች። ምን እንደጻፈች ግን በኋላ ራሷም ማንበብ አልቻለችም።

ቤት ስትደርስ ሚጣ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መርፌ ወረቀቱን ከሰፌዱ አጠገብ ፈታችው።

«ይሄን ምን አደረግሁሽ ብለሽ ነው የሰጠሽብኝ?»

ሚጣ ካፖርቱን አየችው እንጂ አልነካችውም። «መልሰሽ አመጣሽው?»

«እኔ የጠየቅሁሽ ሌላ ነው! አሥራ አንድ ቀን ዓይኔን ያፈሰስኩበትን፣ የእናትሽን ልብስ...»

«የእናቴ ልብስ ሳጥን ውስጥ ነበር።» ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «እሷ ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነው። ፊቷን አላስታውሰውም፣ ድምጿንም አላስታውሰውም። አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ ሳጥኑን እከፍትና ፊቴን ቀሚሱ ውስጥ እቀብራለሁ። ስምንተኛ ክፍል ስወድቅ፣ ሥራ ስገባ፣ ባለፈው ወር ሳይቀር። እሷ እዚያ ነበረች። አንቺ ቆራርጠሽ ለአሻንጉሊት አለበስሻት፣ የቀረውን አቃጠልሽው። ባየሁት ቁጥር አንገቴን የሚያንቀኝ ነገር ስለሆነ ከዓይኔ አራቅሁት።»

«ብል እየበላው ነበር እኮ!»

«ይብላው! ቀዳዳውም የኔ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መርፌ እዚህ ላይ ብታቆም ነገሩ ምናልባት ይበርድ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ታፍኖ የኖረ ነገር አፏ ላይ መጣ። «እኔ ነኝ የምጠይቀው? ለአንቺ ብዬ ሳላገባ የቀረሁት! ለአንቺ ብዬ ሳልወልድ የቀረሁት! ዕድሜዬን የቆረጥኩልሽ ሳያንስ ለአንድ ቀሚስ ልትፈርጂብኝ ነው?»

ሚጣ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ፊቷ ደም የለውም።

«እሱንም አልጠየቅሁሽም» አለች። «እሱም እንደ ከፈዩ ነው። ብቻሽን አስበሽ፣ ብቻሽን ቆርጠሽ፣ በካርቶን አድርገሽ ሰጠሽኝ። እኔ ማመስገን ብቻ ነው የቀረልኝ።»

ምስሩ ሳይለቀም ሰፌዱ ላይ ቀረ። በዚያው ሳምንት ሚጣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ክፍል ተከራይታ ወጣች። ስትወጣ አልተጣሉም፤ መርፌ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ በገመድ አሰረችላት። «ካፖርቱስ?» አለቻት በሩ ላይ። ሚጣ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ፀጉር ሠሪዋ ከሱቋ ሆና ሁሉን አይታለች፤ የዚያን ቀን ግን አልተረበችም።

ከዚያ በኋላ ሚጣ ስትመጣ እንደ እንግዳ ዳቦ ይዛ ነው። ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ክሊኒኩ ወረፋ ያወራሉ። «እታለም» ማለቷን ተወች፤ ሌላ ስምም አልተካችለትም። ዝም ብላ «ስሚማ» ብላ ትጀምራለች። መርፌ አንድ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ልትላት አፏን ከፍታ ነበር፤ ከይቅርታው ጋር ያ እጮኛዋም፣ ያ ሁሉ ዓመትም አብሮ ሊወጣባት ሲል መልሳ ዋጠችው።

በዓመት ከስድስት ወሩ ሚጣ አገባች። የጥሪ ካርዱን ያመጣላት ሙሽራው ነው፤ ትሑት፣ ጥሩ ልጅ ነው። መርፌ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ልብሱን እኔ ልስፋላት?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ መሬት መሬት አየና «ከሱቅ ገዝታለች መሰለኝ» አለ።

በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን ለመሳም ተራ ይዛ ስትጠብቅ የሚጣን ጀርባ አየችው። የዚፑ ስፌት ወገቧ ላይ ተጨማድዶ ክሩ መተርተር ጀምሯል። ከቦርሳዋ የማይጠፋ መርፌና ነጭ ክር አላት። ተራዋ ሲደርስ ሳመቻትና ጆሮዋ ሥር፣ «ከኋላ ሊተረተር ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ልያዝልሽ?» አለቻት። አጠያየቋ እንደ ልጅ ነበር።

ሚጣ ለአፍታ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ተዪው፣ ግድ የለም። ሠርጉ እስኪያልቅ ይችላል» አለችና ወደ ሙሽራው አክስት ዞረች፤ «ታላቅ እህቴ ናት» ብላ አስተዋወቀቻት። ሴትዮዋ «እርስዎስ ምን ይሠራሉ?» ስትላት መርፌ «ስፌት» አለች።

ምግቡ ሲነሳ ወጣች። ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ታክሲ አልያዘችም። በማግስቱ ጠዋት ስፌት ቤቷን ከፍታ የሐኪሟን አዲስ አሻንጉሊት ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻትና እጅጌዋን መለካት ጀመረች።