ሜኑ ላይ የሌለው ሥጋ

ሃያ ዓመት በአስተናጋጅነት ያኖረኝ እግሬ ሳይሆን ምላሴ ነው። ደህና ሱፍ የለበሰ ሰው ሲቀመጥ ጎንበስ እልና፣ «ሜኑ ላይ የሌለ የድኩላ ሥጋ አለን፤ ለማንም አናወጣውም» እለው ነበር። ጠግቦ የመጣ እንኳ ያዛል። ሰው ለሆዱ ይሰስታል፤ ለክብሩ ግን ኪሱን ይገለብጣል።

ዘንድሮ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ «ጫካው ተራቆተ፤ ከእንግዲህ የዱር ሥጋ እዚህ ቤት አይገባም» አለች። እኔም ምላሴን አዞርኩ። ድኩላ ለሚጠይቅ ሁሉ፣ «ውይ ጌታዬ፣ እሱማ ፋሽኑ አልፎበታል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ትተውታል» እላለሁ። አፍረው በግ ያዛሉ። በራሴ ኮርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ!

ባለፈው እሁድ የልጄ እጮኛ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ቤታችን ለምሳ መጣ። የሠርጉን ቀን ልንቆርጥ ነው። ልጄ አራት ዓመት የጠበቀችው ቀን ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ባለቤቴ ሁለት ዶሮ ጠብሳ፣ ከጎረቤት በተዋስነው ትልቅ ሳህን አቀረበች።

የልጁ አባት ሳህኑን አዩና ሹካቸውን ሳያነሱ፣ «ድኩላው በኋላ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ረሱኝ እንዴ? የዛሬ ስድስት ዓመት ምግብ ቤታችሁ ስንመጣ እርስዎ ነዎት ያስተናገዱን። ‹ድኩላ ያልቀረበለት እንግዳ ተንቋል ማለት ነው› አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣ የተከበረ ሰው ድኩላ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም። እርስዎ ለእኔ ዶሮ?»

ልጄ በሩ ሥር ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ደነገጥኩ። እውነቱ ያወጣኛል ብዬ፣ «ጋሼ፣ እሱኮ የገበያ ወሬ ነው። ለሁሉም ነበር የምለው» አልኩ።

«ለሁሉም?»

ፊታቸው ጠቆረ። ስድስት ዓመት የኮሩበት ቃል ለወጪ ወራጁ ሁሉ የሚባል መሆኑን ሚስታቸው ፊት ሰሙ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተነሱ፤ እናትየዋም ቦርሳቸውን አነሱ። እጮኛው እኔንም ልጄንም ሳያይ ተከተላቸው። የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ቀረ።

ባለቤቴ ዶሮውን ስታነሳ ልጄ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«አባዬ፣ ሥጋውን ያመጣላችሁ የነበረውን አዳኝ ስልክ ስጠኝ። የፊታችን እሁድ ድኩላውን ራሴ ሠርቼ ይዤላቸው እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ...»

«አንተ ነህ ያስተማርካቸው» አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቁጥሩን ነገርኳት።