በሕግ አምላክ የቆመው ፊልም

የጀግና ነገር ያሳደገው ነው ባይ ነኝ። መብረሩ፣ ግንብ መደርመሱ፣ ከዓይኑ እሳት መትፋቱ ኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ከፍቼ ስኖር ያላየሁት ባለ ካባ የለም፤ ሁለት ጀግኖች በተጣሉ ቁጥር ጣጣው የሚመዘዘው ከልጅነታቸው ነው። አንዱን እናት አባቱ ደግፈው አሳድገውታል፤ ሰው ያምናል፣ ሕግ ያከብራል። ሌላው በሰው ቤት ተገፍቶ አድጓል፤ ከገዛ ቡጢው በቀር የሚያምነው ዳኛ የለውም። ይህን ለተመልካቾቼ ሳስረዳ ግን "እንኳየሁ፣ በቃ ፊልሙን ክፈችው!" ይሉኛል። የሚያዳምጠኝ ሲጠፋ የራሴን ፊልም ልሠራ ተነሣሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ነጎድጓድና ሚዛን የሚባሉ ሁለት ጀግኖች ጎንደርን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ሌባ ይይዛሉ። ነጎድጓድ "እዚሁ ልቅጣው" ይላል፣ ሚዛን "ለዳኛ እንስጠው" ይላል። በዚህ ይጣሉና ሚዛን ነጎድጓድን በቡጢ ይዘርረዋል፤ ሕግ ያሸንፋል። ነጎድጓድን ለክንዱ ሰጠሁት፤ የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ልጅ ነው፣ ትከሻው በር ይሞላል፣ ከተማ ገብቶ ጋራዥ ይሠራል። ሚዛን ኡዘይር ሆነ፤ አባቱ ሐጂ ቅዳሜ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፣ ካባዎቹም የተሰፉት ከሳቸው ሱቅ ከመጣ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት እኔው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም።

የቀረን የመጨረሻው ጠብ ብቻ ነበር። ካሜራው ግን የኔ አይደለም፤ የሠርግ ቪዲዮ አንሺው የአስማረ ነው። ጥር ገብቶ ሙሽራ እንደ አሸን ፈልቷል፤ አስማረም የዚያን ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ካሜራውን ይዞ ወደ አይከል ሊሄድ ነው። ደግሜ እንደማላገኘው አውቄዋለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ካልጨረስሁ ፊልሜ መጨረሻ የለውም።

ከከተማ ወጣ ብለን ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ዳር ሜዳ ላይ ቆምን።

"ክንዱ፣ አሁን ይመታሃል፣ ትወድቃለህ" አልሁት።

"አልወድቅም።"

"ምነው?"

"እናቴ ታየዋለቻ! ያገሬ ሰው ያየዋል። በመጋረጃ ነጋዴ ተዘረረ ልባል?"

"ትወና እኮ ነው!"

"ትወና መሆኑን ጃናሞራ ድረስ ሄደሽ ታስረጂልኛለሽ?"

ኡዘይር ሊገላግል ገባ። "ችግር የለም፣ እኔ ልውደቅ" አለ። "ግን ቀስ ብዬ ነው፤ ካባው የአባቴ ጨርቅ ነው፣ አፈር አይንካው። ደግሞ ከመማታታችን በፊት ትንሽ ብንነጋገርስ? ቅጣቱ በግማሽ ይሁን ብዬ ልከራከረው።"

"ጀግና አይከራከርም!" ብዬ ጮኽሁ።

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች፣ ደሜም እየፈላ ሄደ። አንዱ አልወድቅም፣ ሌላው አልማታም ሲሉ ነገር ከረረ። በመጨረሻ ክንዱ ትዕግሥቱ አለቀና "አንተን ያሳደገህ ገበያ ነው፤ ሚስት ስታገባም 'መጨረሻዋ ስንት ነው?' ማለትህ አይቀርም" አለው።

ያ ትዕግሥተኛ ኡዘይር ፊቱ ተለዋወጠ። "አንተን ደግሞ ሰው አላሳደገህም፤ ጠመንጃ ነው ያሳደገህ" አለና አፍንጫው ላይ አሳረፈበት።

ደም ወረደ። እውነተኛ ደም! ክንዱ አገሣና ተያያዙ፤ ካባ ከካባ ተጠላለፈ፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲነሣ አቧራው ጨሰ። በየትኛውም ፊልም እንዲህ ያለ ጠብ አላየሁም። ካሜራውን ዓይኔ ላይ ደግኜ፣ ደስታ አስክሮኝ፣ "በለው! እንዳትለቀው! ቀጥሉ!" እያልሁ ዙሪያቸውን እሽከረከር ጀመር።

"በሕግ አምላክ!"

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነው። ሁለቱም ቡጢያቸውን እንደ ሰቀሉ ቀሩ። ባገራችን በሕግ አምላክ ተብሎ የሚንቀሳቀስ እጅ የለም፤ ጀግናው ቢበርም ባይበርም። ከገበያ የሚመለሱ ሽማግሎች መንገዱ ላይ ቆመዋል። አንጋፋው፣ አያ የሻው የሚባሉት፣ ጋቢያቸውን አውርደው በሁለቱ መሃል ጣሉ።

"ምነው ቆማችሁ? ቀጥሉ እንጂ!" አልሁ እኔ ልክፍተኛ።

አያ የሻው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "አሳዳጊ የበደላት!" አሉ።

"ፊልም ነው፣ አያ" አለ ክንዱ አፍንጫውን ይዞ።

"ደሙም ፊልም ነው?"



ሽማግሎቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ አስቀመጡንና በደላችሁን ተናገሩ አሉ። ክንዱ አንገቱን ደፋ። "እኛ ቤት ተመትቶ የገባ ልጅ እራት የለውም" አለ። "እናቴ ብቻዋን ስታሳድገኝ ሰው እንዳይንቀን ትፈራ ነበር። መውደቅ አላስተማረችኝም።" ኡዘይርም "አባቴ የተቆጣ ሰው ሲመጣ ወንበር አቅርብለት ይለኛል፤ ተቀምጦ እስኪነሣ ይበርድለታል። ዛሬ ወንበሩን ረሳሁት" አለ። አያ የሻው "ሸጋ፣ ሁለታችሁም ሸጋ ተናገራችሁ" አሉና ከእንግዲህ ለእውነትም ሆነ ለጨዋታ እጅ ላይሰናዘሩ አማሏቸው።

"አያ፣ ለጨዋታ የሚለው ቢነሣልን?" አለ ኡዘይር።

"አይነሣም።"

"ለዛሬ ብቻስ?"

"አይነሣም አልሁህ!"

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አንቺንስ ማን አሳደገሽ?"

"አክስቴ፣ ለተ ማርያም።"

"ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ ምን ታደርግ ነበር?"

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ ግን ዓይናቸው አያስዋሽም። "መስኮቱን ትዘጋና በቀዳዳው ታያለች" አልሁ። "እኔንም ከጎኗ ታቆመኝ ነበር።"

"እንግዲያ መስኮቱን ተሸክመሽ ወጥተሻላ!"

ሽማግሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ስንቱን ጀግና ማን እንዳሳደገው ስመረምር ስኖር፣ የኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አንገቴ ድረስ አፈርሁ።

"አንቺም ማይ፤ ዳግመኛ ላታጋጪያቸው" አሉኝ አያ የሻው።

ከማልሁ ፊልሙ አበቃለት። ከሩቅ የአስማረ ሞተር ብስክሌት ሲመጣ ይሰማኛል፤ ፀሐይዋ አሁንም ለአንድ ቡጢ የሚበቃ ብርሃን ነበራት። ወደ ልጆቹ አየሁ። ኡዘይር ያን አፈር አይንካው ያለውን ካባ ጫፉን አጣጥፎ የክንዱን አፍንጫ ይጠርግለታል። "ቀና በል፣ ቀና በል" ይለዋል።

ማልሁ። ካሜራውንም አጠፋሁ።

ፊልሙን ቆራርጬ፣ ቀጣጥዬ ቪዲዮ ቤቴ ውስጥ አሳየሁት። ሕዝቡ ሳቀ፣ አፏጨ፣ ጠቡ ላይ ሲደርስ አግዳሚው ላይ ቆመ። ከዚያ "በሕግ አምላክ!" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማና የቴሌቪዥኑ መስኮት ጨለመ። "ማን አሸነፈ?" የሚል ጩኸት ቤቱን አናጋው። እኔ እንደ ሁልጊዜው ማጫወቻው ካለበት መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አጮልቄ አያቸዋለሁ። አንዱ "አሸንፎ የነበረው ክንዱ ነው!" ሲል ሌላው "ውሸት!" ብሎ ኮሌታውን ያዘው።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና በመሃላቸው ገባሁ።

"ተቀመጡ" አልኋቸው። "ሳይታይ በቀረው እኔም አለሁበት፤ ልንገራችሁ።"