የላቦራቶሪዋ ዶሮ

ሽባባው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ አርባውን እንጅባራ ላይ ታፔላ ሲጽፍ ኖሯል። አሁን ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ሱቅ የሚከፍት ሁሉ ባነር ወደሚታተምበት ቤት ነው የሚሄደው። ባነሩ ላይ የባለሱቁ ፎቶ፣ አበባ፣ ስልክ ቁጥር፣ አምስት ዓይነት ቀለም ይታጨቅበታል። ሽባባው በዚያ በኩል ሲያልፍ ዓይኑ ይደክመዋል። ጉልበቱማ ከደከመ ቆየ።

በሰባዎቹ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ሲማር፣ ፖስተር ያስተማሩት ሰው ውጭ አገር ተምረው የመጡ ነበሩ። ጌጥ አይወዱም። «የማያስፈልገውን አንሣ፤ ነጩን ቦታ አትፍራው» ይሉ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፓ ውስጥ የተነሡ ሰዎች፣ ቋንቋ የማይለየው፣ ማንም ከየትም መጥቶ የሚያነበው ሥዕል እንሠራለን ብለው እንደደከሙ የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ሽባባው ይህን እንደ ሃይማኖት ያዘው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ዮርዳኖስ የምትባል የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ አስጠራችው።

«ጋሽ ሽባባው፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው በር እየተሳሳተ ተቸገርን» አለችው። «ብዙው ማንበብ አይችልም፤ የሚናገረውም አገውኛ ነው። የእርስዎ እጅ ያስፈልገናል።»

እንዲህ ተብሎ ከተጠራ ዓመታት አልፈዋል። ደስ አለው፤ ግን ደስታውም እንደሱ የደከመ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሠራ። ለእያንዳንዱ በር አንድ ነጭ ቆርቆሮ፣ በላዩ አንድ ጥቁር ሥዕል። ለወሊዱ ክፍል ሆዷ የገፋ ሴት፣ ለጥርሱ መንጋጋ፣ ለላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕ። ማይክሮስኮፑን ሰባት ጊዜ ሣለው፣ ሰባት ጊዜ አጠፋው፤ በመጨረሻ ሦስት መስመርና አንድ ክብ ብቻ ቀረ። እስከዛሬ ከሠራው ሁሉ እሱን ወደደው።

ታፔላዎቹ በተሰቀሉ ማግሥት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰው ያይ ጀመር። እርጉዞቹ በራቸውን አገኙ። ጥርስ ያመመውም ገባ። አንዲት አሮጊት ግን የምርመራ ወረቀታቸውን እንደያዙ እስከ ላቦራቶሪው በር ሄዱ፣ ቀና ብለው አዩና ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ሄዱ፤ እንደገና ተመለሱ። ሽባባው ዘበኛውን ክንዴን ጠራው። ክንዴ አፉን የፈታው በአገውኛ ነው።

«ለምን እንደተመለሱ ጠይቅልኝ እስቲ።»

ክንዴ ጠየቃቸው። ወርቅአየሁ ይባላሉ፤ የመጡት ከአዘና በኩል ነው። መልሳቸውን ከሰማ በኋላ ክንዴ መሬት መሬቱን አየ።

«ንገረኝ እንጂ» አለው ሽባባው።

«ዶሮ ናት ይላሉ። ጥሬ የምትለቅም። እኔ የታመምሁ ሰው፣ ዶሮ ቤት ገብቼ ምን አደርጋለሁ ነው የሚሉት።»

ሽባባው ሥዕሉን ቀና ብሎ አየው። እውነትም ዶሮ ናት። ጀርባዋ ጎበጥ፣ ምንቃሯ ወደ ታች። አንዴ ካያት ወዲያ ማይክሮስኮፑን ፈልጎ ሊያገኘው አልቻለም። ለካ ማንም ያነበዋል የተባለው ሥዕል፣ ማይክሮስኮፕ አይቶ ለሚያውቅ ሰው ነበር። አልተናደደም። ንዴትም ጉልበት ይጠይቃል።

«ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ላቦራቶሪ ገብተው ያውቁ እንደሆን፣ ምን እንዳደረጓቸው ጠይቅልኝ» አለው።

ክንዴ ጠየቀ። አሮጊቷ ግን በቃል አልመለሱም። የቀለበት ጣታቸውን ዘረጉና በሌላው እጃቸው ጥፍር ወጋ አደረጉት።

በነጋታው ሽባባው ዶሮዋን በነጭ ቀለም ሸፈናት። ሲደርቅ በላይዋ የተዘረጋ ጣትና አንዲት ቀይ ጠብታ ሣለ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ በር የተመለሰ ሰው አላየም።

ከወር በኋላ ዮርዳኖስ መጣች።

«አዘናና ጫግኒ ያሉት ጤና ጣቢያዎችም ሥዕሎቹን ፈልገዋቸዋል። ማተሚያ ቤቱ በስቲከር ያወጣቸዋል፤ ይፈቅዳሉ?»

ሥራውን የወሰደበት ያው ማተሚያ ቤት ነው። ሽባባው ብሩሹን ሲያጥብ ቆየና፣

«ይውሰዱት» አላት። «ብቻ እዚያ ያለውን ሰው አስቀድመው ይጠይቁት። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ያይበት ይሆናል።»

«እርስዎ ሄደው ቢጠይቁልንስ?»

«እኔማ ደክሞኛል፣ ልጄ።»

ሐሙስ ዕለት ግን ሥዕሎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ የጫግኒው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ከከተማው ሳይወጣ እንቅልፍ ወሰደው።