የቁስቋም ዳገት

አላምረውና ደመቀ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የተነገራቸው በአንድ ወር ውስጥ ነበር። አላምረው የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ደመቀ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሲሆኑ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ሰፈር ኖረዋል።

«እንክብሉ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል» አላቸው ሐኪሙ። «እግራችሁና አፋችሁ ግን በእጃችሁ ናቸው።»

አላምረው ይህን ሰምቶ ቤቱ ገባና ሦስት ቀን ተኛ። ገና በአርባ ስድስት ዓመቱ የሞተ መሰለው። በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ደመቀ በሩን አንኳኳ።

«ተነሥ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ቁስቋም።»

«ቁስቋም ምን አለ?»

«ዳገት አለ።»

የዚያን ዕለት አላምረው አምስት ጊዜ ተቀምጦ አረፈ። ደመቀ አልሳቀበትም፣ አላቻኮለውም፤ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው። በማግስቱም መጣ። ክረምት ሲገባ ጭቃውን እየረገጡ፣ ጥቅምት ሲመጣ ብርዱን በጋቢ እየተከላከሉ፣ በየማለዳው ወጡ። እንጀራውን በግማሽ ቀነሱ፣ ሽሮና ጎመን አበዙ፣ ሻይ ያለ ስኳር ለመዱ። ድግስ ሲጠሩ ቤታቸው ቀመስ አድርገው ይሄዱ ነበር።

በፋሲካ ግን አላምረው አልቻለም። ሁለት ቀን ሙሉ ዶሮውንም ጠጁንም እንደ ልቡ አደረገና ታመመ። ማክሰኞ ማለዳ ደመቀ ሲመጣ ከአልጋው አልተነሣም።

«ተወኝ፤ እኔ የማልረባ ሰው ነኝ» አለው።

«በላህ፤ አለቀ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጫማህን አድርግ።»

ዓመት ሲሞላ አላምረው ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። ዳገቱንም እያወራ የሚወጣው ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት የደመቀ ልጅ ቢሻው ከቤት ጠፋ። በሳንጃ በኩል ወጥቶ ከሸማቂዎቹ ጋር ጫካ ገባ ተባለ። ደመቀ ስለ ልጁ አንድ ቃል አይናገርም፤ መንገዱን ብቻ ፈጠን ብሎ ይሄድ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ አላምረው ቀበሌ ተጠራ።

«ጓድ አላምረው፣ ከደመቀ ጋር በየማለዳው ቁስቋም የምትወጡት ለምንድን ነው?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ስኳር አለብን። ሐኪም ነው ያዘዘን።»

«ሕዝቡ ስኳር አጥቶ ይሰለፋል፣ አንተ በዛብኝ ትላለህ?» አለና ሊቀመንበሩ ሳይስቅ አየው። «ሴት ልጆች አሉህ አይደል? ከዚያ ሰው ራቅ በል።»

በማግስቱ አላምረው አልወጣም። ደመቀ መጥቶ ሲያንኳኳ ሚስቱ ወጥታ «አሞታል» አለችው። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ አለችው። ከዚያ ወዲያ ደመቀ ማንኳኳቱን ተወ። አላምረው እውነቱን ነገ እነግረዋለሁ እያለ ወር አለፈ፤ ከዚያም መንገሩ የሚያፍርበት ነገር ሆነ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣቸውን አንሥተው ይተላለፋሉ።

ከስድስት ወር በኋላ ደመቀ ሆስፒታል መግባቱን ሰማ። የእግሩ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ችላ ተብላ ከርማ፣ እግሩን ከጉልበት በታች ቆርጠውታል። አላምረው የዚያን ቀን ቀበሌውን አልፈራም፤ ወይም ፍርሃቱ ዘግይቶ ለቀቀው። ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የደመቀ ፊት አብጧል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«አሁንም ቁስቋም ትሄዳለህ?» አለው ደመቀ።

«ትቼዋለሁ።»

ደመቀ ዓይኑን ጨፈነ። «ምነው? ከእኔ ጋር መሄድ ቢያስፈራህ ብቻህን አትሄድም ነበር?»

 ለካ አላምረው ለምን እንደቀረ ያውቅ ኖሯል። ደመቀ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ልጁ በሌለበት ተቀበረ።

ለቅሶው ሲበርድ፣ አላምረው የደመቀን ሚስት እጅጋየሁን ሊጠይቅ ሄደ። ገና እንደተቀመጠ እሷ ጀመረች።

«አንተ ከቀረህ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ ‹ብቻህን ሂድ› ስለው ‹ከመጣ ያጣኛል› ይለኛል። ከዚያ ተወው። ጠላውንም፣ እንጀራውንም እንደ ፊቱ አደረገ።»

«አልነገረኝም» አለ አላምረው።

«አንተስ ነገርከው?»

ይህን ያለችው ለመውቀስ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር።

አላምረው በማግስቱ ማለዳ ብቻውን ቁስቋም ወጣ። ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አረፈ፤ በሁለተኛው ላይ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ አላቋረጠም። ቀበሌው ደግሞ ጠርቶት ነበር፤ «ሐኪም ነው ያዘዘኝ» የሚለውን የመጀመሪያ መልሱን ሰጥቶ ተመለሰ። እንጀራውንም በግማሹ ላይ አቆመው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጎረቤቱ ኃይለ ጊዮርጊስም ስኳር አለብህ ተባለ። ማታ መጥቶ፣ «አላምረው፣ እኔ ብቻዬን አልጸናም። ነገ በሬን ታንኳኳልኛለህ?» አለው።



«አንተ በራስህ ውጣ» አለው አላምረው። «እኔ በዚያ አልፋለሁ። ካላየኸኝም ዝም ብለህ ሂድ፤ አትጠብቀኝ።»