አራተኛው ጣት

እውነቱን ልናገርና የልጄን የፒያኖ አስተማሪ አልወዳትም ነበር። ሰው ሁሉ ይወዳታል። ትልልቅ አዳራሽ ስትጫወት ሰዉ ቆሞ ያጨበጭብላታል፤ ቀን ቀን የሰዉን ልጆች ፒያኖ ታስተምራለች፤ ከዚያ የተረፈው ጊዜዋ ደግሞ የታሰሩ ሰዎችን ጉዳይ ስትከታተል ያልቃል። ኮንሰርት ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ መድረኩ ላይ ቆማ የእስረኞችን ስም ትጠራለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልጄን በመርፌ ነው ያሳደግኳት። ፒያኖ ተማሪ ብዬ የላክኳት ልጅ ለአስተማሪዋ የእስረኛ ቤተሰቦችን ስታነጋግር ተይዛ፣ ራሷ ስሟ የሚጠራ እስረኛ ሆና ስትቀር ቆሽቴ አረረ። አስተማሪዋን አልነኳትም፤ ስሟ ትልቅ ነው። የእኔን ሚጡ ግን ማን ያውቃታል?

ተማሪዎቿ በሌለችበት "እትዬ አቁሚ" ይሏታል። አንድ ኖታ ከተሳሳቱ፣ አንድ ጣት ያለቦታው ካረፈ "አቁሚ" ነው። ሚጡ ስትማር ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም።

"ኧረ እባክሽ አንድ ቀን እንኳ ትጨርስ" እላት ነበር።

"ስህተት ሲታለፍ እጅ ይለምደዋል" ትለኛለች። ፍንክች የለም።

እና ባለፈው ሰኞ የእስር ቤቱ አዛዥ ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ ማር ነው። የሰብአዊ መብት ልዑካን ከውጭ ሊጎበኙን ይመጣሉ፣ ልጅሽ ፒያኖ ትጫወትላቸዋለች፣ አንቺና አስተማሪዋም ትገኛላችሁ አለኝ። "ያለ ኮሽታ ካለፈ አርብ ቤቷ ትገባለች። ነገር ካበላሻችሁ ግን እኔን እንዳትወቅሱኝ።"

ስልኩን እንደዘጋሁ በቀጥታ አስተማሪዋ ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ፣ ሳልቀመጥ፣ "ማይልኝ" አልኳት።

"ምን ብዬ?"

"አንዲት ቃል ላትተነፍሺ። ምንም ብታይ፣ ምንም ብትሰሚ።"

"እሱ የሚፈልገው ይሄንኑ እኮ ነው። እኔ እዚያ ተቀምጬ ዝም ካልኩ፣ ልጅቷ ደህና ናት ብዬ መሰከርኩለት ማለት ነው።"

"መስክሪለታ። ልጄ ትውጣልኝ እንጂ ከፈለግሽ የሰይጣን ምስክር ሁኚ። ዝም አይነቅዝም።"

 ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና "በእጆቼ" አለች። "አንቺ ራስሽ ካልፈታሽኝ አልናገርም።" አመንኳት። ፒያኖ ተጫዋች በእጇ ከማለች ወዲያ ምን ቀራት?

የእስር ቤቱ አዳራሽ ገና ሰሞኑን ነው ቀለም የተቀባው፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ፒያኖ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ልዑካኑ ሦስት ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ ሐኪም መሆኗን አስተርጓሚው ነገረን። አዛዡ ሕጉን ዘረዘረልን። ሰላምታ ይቻላል፣ መሳሳም ከጨዋታው በኋላ ነው፣ ስለ እስሩም ስለ አያያዙም ምንም ወሬ የለም።

ሚጡ ገባች። ከስታለች፤ ግን ፀጉሯ ተበጥሯል፣ እጅጌው የረዘመ ሹራብ ለብሳለች፣ ፈገግ ብላለች። ተመስገን አልኩ በሆዴ። ተቀመጠችና ጀመረች። ይኸው እጇ ይሮጣል፣ ዜማው ይፈሳል፤ እኔ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? ልቤ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። አርብ ምን እንደማበስልላት ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ።

የአስተማሪዋ ትንፋሽ ግን አጠገቤ ይቆራረጣል። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ "ግራ እጇን እዪ" አለችኝ።

"ዝም በይ።"

"አራተኛውንና አምስተኛውን ጣት አትጠቀምም። ያንን ቦታ በሦስት ጣት የሚጫወተው የለም።"

ጭኗን ቆነጠጥኳት። እንደ ልጅ ነው የቆነጠጥኳት። "ምለሻል" አልኳት። አዛዡ ዞሮ ሲያየን ሁለታችንም ጥርሳችንን አሳየነው። ከዚያ ወዲያ ግን ዓይኔ እምቢ አለኝ። የልጄ ግራ እጅ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ወዲያ ወዲህ ይዘላል፤ ሁለቱ የዳር ጣቶች ደግሞ ከእጅጌው ሥር አይወጡም። አላየሁም አልኩት ራሴን። ስትጨርስ ከሁሉም በፊት ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ሚጡ አልተነሳችም። እንደተቀመጠች ዞር ብላ አስተማሪዋን አየቻት። ያ ፈገግታ ጠፍቷል።

"ቲቸር" አለች፤ "ለምን አላስቆሙኝም?"

አዛዡ ሳቀ። "አስተማሪና ተማሪ ሲባል እንዲህ ነው" አለ፤ አስተርጓሚው ሲተረጉም ልዑካኑም ፈገግ አሉ። አስተማሪዋ አልሳቀችም። ዞራ እኔን አየችኝ። 

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ "አቁሚ" እስክትባል ስትጠብቅ ነበር። ሌላ የምትጮኽበት መንገድ የላትም፤ እኔ ደግሞ ጩኸቷን የምትሰማላትን አንዲት ሰው አፍ ይዤ ተቀምጫለሁ። ዝም ካልን አርብ ትመጣልኛለች፣ ጣቷን ቤቴ አስታምማለሁ። ከተናገርን ዛሬ ማታ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብቻዋን የምታድረው እሷ ናት።  ሚጡ አሁን ወደ እኔ ዞራለች። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቷ መራራ መድኃኒት ይዤ ጠጪ ብዬ ስለምናት፣ እኔው ራሴ እጠጣዋለሁ ብላ ከእጄ ስትቀማኝ የምታየኝ እንደዚያ ነበር።

"ፈታሁሽ" አልኳት አስተማሪዋን።

አዛዡ "ምን አልሽ?" ሲል እሷ ተነስታለች። ንግግር ታደርጋለች ብዬ ነበር። አላደረገችም። ፒያኖው አጠገብ ሄዳ ቆመችና በዚያ በማልወደው ድምፅዋ "ከሁለተኛው ገጽ" አለች። "ግራ እጅ ብቻ። በአራተኛውና በአምስተኛው ጣት።"

አዛዡ ግራ ገባው። የከለከለው ወሬ ነው፤ ይሄ ትምህርት ነው።

ሚጡ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ምንም አልተሰማም።

"እንደገና።"

ምንም። ሁለቱ ጣቶች ጎብጠው ደርቀዋል፤ ቁልፉን ይነኩታል እንጂ አይጫኑትም። ግንባሯን ላብ አጠመቀው።

"እንደገና" አለች አስተማሪዋ። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። ሐኪሟ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ሄደችና ተንበርክካ የልጄን እጅ ያዘች።

"ጊዜው አልቋል" አለ አዛዡ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎም በዝግታ፣ "አርብን በገዛ እጅሽ አጠፋሽው" አለኝ። 

ሚጡ ሰምታዋለች። "እማዬ" አለች፤ "እዚህ ሁላችንንም አርብ ነው የሚሉን። እስካሁን አርብ የወጣ ሰው አላየሁም።"

ሄጄ እዚያው ወንበር ላይ ከልጄ ጋር ተጠጋግቼ ተቀመጥኩና ወገቧን ያዝኩ። "ያለሷ አልወጣም" አልኩ። አስተማሪዋ በሌላው ጎኗ ቆመች፤ ሐኪሟ እጇን አልለቀቀችም፤ ሁለቱ ልዑካን ኮታቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። አዛዡ እየወጣ እየገባ ስልክ ደወለ፣ ተቆጣ፣ ለመነ፣ እንደገና ተቆጣ። በመጨረሻ ሲያቅተው እሺ አለ፤ በሐኪሟ መኪና፣ ከፊት ፖሊስ ተቀምጦ፣ ወደ ሆስፒታል ሄድን።

የአጥንት ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። ጣቶቹ ተሰብረው፣ ሳይታከሙ፣ ጠማማ እንደሆኑ ገጥመዋል አለ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል። ሚጡ ግን ሐኪሙን አልጠየቀችም፣ አስተማሪዋን ነው የጠየቀችው።

"ቲቸር፣ እጫወታለሁ?"

ዋሺያት አልኩ በሆዴ። ለዛሬ ብቻ።

"እንደ ድሮው አትጫወቺም" አለቻት።

በጥፊ ባጮላት ደስ ይለኝ ነበር። ሚጡ ጣቶቿን አየች። አላለቀሰችም። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ማን እንደሰበራቸው ስሙን አውቀዋለሁ" አለች። "ሰውዬው እዚያው ነው፣ ሌሎቹም ልጆች እዚያው ናቸው።"

ፖሊሱ አንገቱን ወደ እኛ መለሰ። አስተማሪዋ አሁንም እኔን አየችኝ። ፈርቼ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ፤ ይሄ ነገር የት እንደሚያደርሰን አላውቅም።

"ጮክ ብለሽ ተናገሪ" አልኳት ልጄን።