ዴል በሁለት ረድፍ

የከተማችን ሰው ድምፅ በሚሰጥበት በስቶኒኪል የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ስቀመጥ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔ በሪፐብሊካን በኩል፣ ዊኒ ደግሞ በዴሞክራት በኩል፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የኒውዮርክ ሕግ አንዳችን ሌላችንን እንድንጠብቅ ያዛል። እስከ ዛሬ ግን ተግተን የጠበቅነው ነገር ቢኖር ዊኒ ከቤቷ ጋግራ የምታመጣውን የፖም ኬክ ብቻ ነው።

የዘንድሮውን ዓይነት ምርጫ ግን አይቼ አላውቅም። ጎረቤቴ ዴል ቫን አልስታይን የመንገድ ሹም ለመሆን ተወዳደረ። የመንገድ ሹምነት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ በረዶውን ከደጃችን የሚጠርገው እሱ ነው። ፕሬዚዳንቱን ብንሳሳት አራት ዓመት እንታገሣለን፤ የመንገድ ሹሙን ከተሳሳትን ግን ከቤት አንወጣም።

ሪፐብሊካኖቹ ነባሩን ሹም ዕጩ አደረጉ። ዴሞክራቶቹ ደግሞ ዴልን “ና” አሉት፤ ሄደ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው። እናቱ ወይዘሮ ኦርፋ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሟቹ ባላቸው ክሌይተን “በምርጫው ወረቀት በዴሞክራት ረድፍ ላይ እጅሽ እንዳያርፍ” ብለው ቃል አስገብተዋቸው ነበር፤ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን አላሳረፉም። የገዛ ልጃቸው በዚያ ረድፍ መጻፉን ሲሰሙ የእሁዱን ምሳ ከለከሉት።

እኔ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እሁድ እሁድ የምበላው እሳቸው ቤት ነው። የዴልን ባዶ ወንበር እያየሁ ሳህኔን ገፋ አደረግኩ።

“የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? ይተዉት እንጂ፣ ወይዘሮ ኦርፋ” ብላቸው፣

“ዥንጉርጉር ይሁን ግድ የለኝም። አንተ ዝም ብለህ ብላ!” አሉኝ።

ዴል አርባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ቁመቱ ከበር የሚተርፍ ሰውዬ ነው። አንድ ቀን አጥሬ ላይ ተደግፎ፣ “ላይል፣ ብሸነፍ እሸነፋለሁ፤ አልሞትም። እናቴ ሳትመርጠኝ ባሸንፍ ግን ምን ይረባኛል?” አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሆን ማየት አልወድም።

ከዚያ መላ መታ። እኛ አገር አንድ ሰው በሁለት ፓርቲ ስም መወዳደር ይችላል፤ የሁለቱም ድምፅ ተደምሮ ይቆጠርለታል። ዴል የላስቲክ ቦቲውን አድርጎ፣ በጭቃ ከደጅ ደጅ እየዞረ ፊርማ ሰበሰበና “የጠራ መንገድ” የሚባል ፓርቲ አቋቋመ። ስሙ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ከላይ በዴሞክራት ረድፍ፣ ከታች በጠራ መንገድ ረድፍ።

“ለእማዬ በር ከፈትኩላት። ያንን ረድፍ ሳትነካ ትመርጠኛለች” አለኝ።

ለእናቱ የከፈተው በር ግን ከተማውን ሁሉ ግራ አጋባው። የምርጫው ዕለት ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ከብት አርቢው ሃርሞን ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣

“ላይል፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ዴሎች የክሌይተን ልጅ የትኛው ነው?” አለኝ።

“አንድ ሰው እኮ ነው፣ ሃርሞን።”

“አንድ ሰው ከሆነ ምን ሁለት ቦታ አስቀመጠው?”

“ሁለት ፓርቲ ስላቀረበው። ከስሙ አጠገብ ካሉት ክቦች አንዱን ብቻ አጥቁር።”

“እንግዲያው የታችኛው ይሻለኛል። የላይኛው ኮራ ያለ ይመስላል” ብሎ ሄደ።

ቀጥላ ከኮረብታው ማዶ የምትኖረው ፍሎሲ መጣች። “ሁለቱንም ባጠቁር በረዶ ጠራጊው በደጄ ሁለቴ ያልፍልኛል?” አለች። አስፈጻሚ መቀለድ ስለማይፈቀድለት ምላሴን ነከስኩ። ከኋላዋ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ግን አልቻሉም፤ “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ማለት ይሄ ነው! ብልጥ ልጅ!” ብለው ሰልፈኛውን ሁሉ አሳቁት።

አራት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ኦርፋ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን ደፍተው ገቡ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። የእናትና የልጁን ጠብ ያላወቀ ሰው አልነበረማ! ወረቀቱን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ላይል!”

“አቤት።”

“ልጄ ምን ሊያደርግ ሁለት ቦታ ተጻፈ?”

“በሁለት ፓርቲ ስለቀረበ ነው።”

“ሁለቱንም ባጠቁርስ?”

ዊኒ መመሪያውን አውጥታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፤ “አንድን ዕጩ በሁለት ረድፍ የመረጠ ሰው ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል፤ የሚመዘገበውም በመጀመሪያው ረድፍ ነው።”

“መጀመሪያው ማለት የላይኛው?”

“አዎ፣ የላይኛው።”

ደነገጥኩ። ተሳስተው ሁለቱንም ካጠቆሩ ድምፃቸው ሄዶ ሄዶ ዴሞክራት ረድፍ ላይ ሊያርፍ ነው። “ወይዘሮ ኦርፋ፣ እባክዎን ተጠንቅቀው አንዱን ብቻ ያጥቁሩ” አልኩ።

“እኔ ማንበብ ስማር አንተ አልተወለድክም” አሉኝና ከመከለያው ጀርባ ገቡ። እዚያው ቀሩ። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። በመጨረሻ ወጡ፤ ወረቀቱን ለድምፅ መቁጠሪያው ማሽን አጎረሱ፤ ማንንም ሳያዩ ሄዱ።

ቆጠራው ሲያልቅ ማሽኑ ረጅም ወረቀት ተፋ። ነባሩ ሹም ሁለት መቶ አሥራ አራት። ዴል በዴሞክራት ረድፍ መቶ ሰማንያ ስምንት፣ በጠራ መንገድ አርባ አንድ። በአሥራ አምስት ድምፅ አሸነፈ! ውጤት ሊሰማ የመጣውን ዴልን ሰው “እንኳን ደስ አለህ” እያለ ጀርባውን ሲመታው እሱ ዓይኑን ከዚያች ከአርባ አንዷ አልነቀለም።

“ከአርባ አንዱ አንዷ እሷ ናት” አለኝ በሹክሹክታ። “ናት አይደል፣ ላይል?”

ምን ልበለው? መከለያው የተሠራው እኔ እንዳላይ ነው።

ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። “ነገ ዴልን ይዘህ ና” ብለው ወይዘሮ ኦርፋ ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እሁድ ዴል ተላጭቶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ በምድጃ የበሰለው የአሳማ ሥጋ አለ፤ በወተትና በቅቤ የተጋገረው ድንች አለ። ጸሎቱ እንዳለቀ ዴል አላስችለው አለ።

“እማዬ፣ አመሰግናለሁ። ከአርባ አንዱ ውስጥ አንዷ አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ።”

“አይደለሁም” አሉ።

ዴል ሹካውን አስቀመጠ። እኔም ድንቹን እንደጎረስኩ ቀረሁ፤ ያን ሰዓት ወይዘሮዋን ጠላኋቸው።

“እሺ” አለ ዴል ቀስ ብሎ። “ቃል ቃል ነው። አልቀየምሽም።”

“ምን ያስቸኩልሃል? አልጨረስኩም። ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ ውስጥ ነኝ።”

ዴል ወንበሩን ወደ እናቱ ሳበ።

“መጀመሪያ የታችኛውን አጠቆርኩ። ያን ሁሉ ጭቃ የረገጥክለት ነውና ልፋትህ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ብዬ። ከዚያ የላይኛውን አጠቆርኩ።”

“ዊኒ አንብባልዎት የለም እንዴ!” ብዬ ጮህኩ። “ሁለቱም ከጠቆሩ ወደ ላይኛው ነው የሚሄደው!”

“ሰማሁ እኮ፣ ላይል። ለዚያ አይደል ያጠቆርኩት?” ወደ ልጃቸው ዞሩ። “እናትህ ዘንድ ለመግባት የጓሮ በር መቅደድህ አሳፈረኝ። ሁለተኛ እንዳታደርገው።”

ዴል የእናቱን እጅ ያዘ። “አባዬስ? ቃልሽስ?”

“በምርጫው ጠዋት መቃብሩ ሄጄ ነገርኩት።”

“ምን አለ?” አልኩ እኔ።

“ዝም አለ። ክሌይተን ድሮም ጥፋቱን ሲያውቅ ዝም ነበር የሚለው።”

ዴል እየሳቀ አለቀሰ፤ እኔም ሳልቀር። ወይዘሮ ኦርፋ ሁለታችንንም ታዝበው የድንቹን ሳህን ወደ ልጃቸው ገፉለት።

“ብላ እንግዲህ። ደግሞ ሹም ሆንክ ብለህ ከጎረቤት በፊት የእኔን ደጅ እንዳትጠርግ። ሰው ያማኛል።”