የካሣሁን ዝምታ

ዕፀገነት ለስድስት ዓመት የሞተ ባሏን ስታስቆርጥ ኖረች። እንዲህ ሲሉት ያስደነግጣል እንጂ እንጀራዋ ነው። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በላይ ባለች ክፍል ቪዲዮ ቅንብር ታስተምራለች፤ ካሣሁን ደግሞ የመለማመጃው ቪዲዮ ነው።

በሕይወት ሳለ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካሳራኒ ቤታቸው ሶፋ ላይ አስቀምጣ፣ "ተማሪዎቼ የሚለማመዱበት ወሬ አውራልኝ" አለችው። ኤርፖርት ጭነት ክፍል የሚሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ሻይ ይበርዳል። ናይሮቢ በገባ በመጀመሪያው ቀን ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት፣ ካሳራኒ መውረድ ሲገባው ቲካ ከተማ ድረስ እንደ ተወሰደ አወራላት። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ከየት ይመጣል፤ ግማሹ ዝምታ ነው። ከተቀረጸ በአምስተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ።

ቪዲዮውን ልትቀይረው አልቻለችም፤ እስከ መጨረሻው ልታየውም አልቻለችም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች እየቆረጠች ታሳይና የቀረውን ለተማሪዎቹ ትታ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ዐሥር ኮምፒውተር ላይ ዐሥር ካሣሁን ይቀመጣል። ከአንዱ ጥግ "ቲካ" ሲል፣ ከሌላው ገና "እንቅልፍ" ይላል። ሙታን በሕልም ይመጣሉ ይባላል፤ የእሷ ግን በየቅዳሜው ልክ በሦስት ሰዓት ከች ይል ነበር። እሷም ከመስኮቱ ሳትዞር ያቺኑ ትእዛዟን ትደግማለች፦ "ዝምታ ስንፍና ነው። ቁረጡ።"

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሚያቀናብሩበትን ፕሮግራም ስትከፍተው ነጭ ገጽ መጣ። ከመሐሉ ሁለት መስመር ተጽፏል፦ "አገልግሎታችን ተቋርጧል። አብራችሁን ስለነበራችሁ እናመሰግናለን።" ፕሮግራሙ የሚሠራው በኢንተርኔት ነው፤ የተማሪውም የመምህሯም ሥራ የሚቀመጠው እዚያው ነበር። ድርጅቱን ሌላ ድርጅት ገዝቶታል አሉ፤ ገዢው ደግሞ አልፈለገውም። ማስጠንቀቂያው በኢሜይል የደረሳት በማግሥቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼኔ ነው።

ጻፈች፤ ለመነች። የመለሰላት ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው፦ ፋይሎቹ ጠፍተዋል፣ አይመለሱም። የካሜራዋን ካርድ በላዩ ላይ ስንት ሠርግ ቀርጻበታለች፤ የድሮው ላፕቶፕ ተሸጧል። "ሁለት ቦታ ያላስቀመጠ ሰው አላስቀመጠም" እያለች ተማሪ ስትቆጣ የኖረች ሴት፣ ባሏን አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጣው ነበር። አፈረች። ከኀፍረቱ ደግሞ ሐዘኑ ባሰ፤ ሰውዬው ሁለተኛ የሞተባት መሰላት።

ተማሪዎቹ ምን ቸገራቸው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ፕሮግራም ጭነው ጠበቋት።

"ቲቸር፣ ይሄኛው ይሻላል እኮ፤ በጣም ፋስት ነው" አሏት።

ጣቶቿ ግን የድሮውን ቁልፍ እየፈለጉ ባዶ ይነካሉ። የስድስት ዓመት መምህርት ከገዛ ተማሪዎቿ ኋላ ቀረች። እሱስ ይለመዳል። ያልለመደችው የክፍሉን ጸጥታ ነው፤ መስኮቱ ጋ ቆማ ጆሮዋን ብትጥል ከየትኛውም ጥግ ድምፁ አይመጣም። ቤት ገብታ ዕቃ ስታጥብ ግን ከጀርባዋ "ቲካ" የሚላት ይመስላትና ውሃውን ትዘጋለች።

የቀድሞ ተማሪዎቿን መጠየቅ ጀመረች፤ የመለማመጃውን ሥራ ያስቀረ ካለ ብላ። ሐሊና ላከችላት፤ ሚልኬሳም ላከ። ያለቀለት ሥራ ነው፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ አንድ ትንፋሽ አልተረፈም። ካሣሁን እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ይንበለበላል። ዕፀገነት አፏን ይዛ ተመለከተችው። ይህን ሰው አታውቀውም። ባሏ ያለው ዝምታው ውስጥ ነበር፤ እሱን ደግሞ በገዛ ትእዛዟ አስጥላዋለች።

የቀረችው ሰዲቃ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ሥራውን ዘጠኝ ደቂቃ አድርጋ አምጥታ ነበር። ዕፀገነት ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ዝምታው ሲመጣ አቁማ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ "ይሄ ቅንብር አይደለም፤ ስንፍና ነው" አለቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አሁን ጊጊሪ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ዘንድ ፊልም ትሠራለች። ዕፀገነት ሦስት ቀን ስልኩን እያነሣች አስቀመጠችው፤ በአራተኛው ደወለች።

የድርጅቱ በር ላይ ተገናኙ።

"ያን ጊዜ የመለስኩብሽ ሥራ..." አለች ዕፀገነት።

"አለ። አልሰረዝኩትም።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። እስከ መጨረሻው አላየሁትም ነበር።"

"አውቃለሁ፣ ቲቸር። ቢያዩት ኖሮ ሰነፍ አይሉኝም ነበር።" ሰዲቃ ፋይሉን በስልኳ ላከችላትና እጇን ያዘች። "ፖሌ ሳና፣ አይዞዎት። ግን ማታቱ ላይ አይዩት፣ ፕሊስ። ቤት ሲገቡ።"

እሺ አለች። ከተማ ወርዳ የቲካ መንገድ ማታቱ ይዛ፣ ከኋላ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን አጠገቧ ካለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ከፈተችው።

መጣ። እየቆመ፣ እያሰበ፣ አፍንጫውን እያሸ። ዕፀገነት በእንባ መሐል ሳቀች። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ወሬውን ጭራሽ አቋረጠ። ቀና ብሎ ከሌንሱ በላይ ተመለከተ፤ እሷን ነው። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ባዶውን የሶፋ ወገን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ገኒ፣ አልደከመሽም? ተዪውና ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ።"

ከካሜራው ጀርባ አንዲት ሴት መለሰችለት። ቸኩላለች። ዕፀገነት ማን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት።

"ቀጥል ካሣዬ፣ እሱ ይቆረጣል።"

ካሣሁን እጁን ከሶፋው ላይ አነሣ። ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ።

እንዲህ ማለቷን አታስታውስም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰባ ተማሪ ይህን ሰምቷል፤ እሷ ብቻ መስኮቱ ጋ ነበረች። ሐሊናም ሚልኬሳም ሰምተዋል። መምህርቷ በገዛ ድምጿ ይቆረጣል ካለች፣ ቆረጡታ። ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ።

"ካሳራኒ! ካሳራኒ!" ማካንጋው፣ የማታቱው ረዳት፣ የመኪናውን ጎን ደበደበ። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ዕፀገነት ቪዲዮውን ወደ ስድስተኛው ደቂቃ መለሰችው። ቦርሳዋን ከባዶው ወንበር ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ወደዚያው ጠጋ አለች።

ፊቷን ከለመደው ብዙ ጊዜ የሆነው ማካንጋ ጎንበስ አለላት። "ማማ፣ ሁሹኪ?" አላት፤ አትወርጂም ወይ ማለቱ ነው።

"ቲካ" አለችው።